እንቁላሉን ማን ይታቀፈው? ለአርክቴክቶች ፈቃድ ሰጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአርክቴክቶች የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካላት፣ እንዲሁም ለሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶችና ለዲዛይን ቢሮ ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ አርክቴክት ለመሆን የሚፈጀውን ጊዜ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ባለፈው ወር አብራኝ የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ስድስት ወር የደከመችበትን የንድፍ ጥራዝ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከመሠረቱ ፕላን እስከ በርና መስኮቱ ሰንጠረዥ ድረስ የእጇ ሥራ ነው። ገጽ በገጽ አየሁት። ሁለት ሦስት ነገር እንድታስተካክል ነገርኳት፤ አስተካክላ መለሰችልኝ። ከዚያ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሜ ማኅተሜን አሳረፍኩ። አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «እኔ መቼ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ስፈልግ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት። የምጽፈው ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይህን በንድፍ ላይ የመፈረም ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ላላችሁ ሁሉ ነው። ደንባችሁ ይለያያል፤ ከወጣቶቹ አፍ የሚወጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ትምህርቱ አምስት ዓመት፣ ልምምዱ ሁለት ዓመት፣ በድምሩ ሰባት ዓመት ይበቃል። ከዚህ ይጠር ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ከሰባት ዓመት በላይ የሚሄደው እያንዳንዱ ዓመት ግን፣ ባለሙያው በገዛ ፈቃዱ ካላዘገየው በቀር፣ የእኛ ዕዳ ነው። የእናንተ የፈቃድ ሰጪዎች፣ የመምህራንና እንደ እኔ ያለን የቢሮ ባለቤቶች ዕዳ ነው።

ፈቃድ መኖሩን አልቃወምም። ቤት የሚሠራ ሰው ተጠያቂ ይሁን የሚለው ሐሳብ እጅግ የቆየ ነው። ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት የወጣው የሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ያዝዛል። የኋለኛው ዘመን ሕግ ደግሞ ከቅጣቱ ይልቅ መከላከሉን መረጠ፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ሰውየውን መመዘን። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የአርክቴክቶች ፈቃድ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 የኢሊኖይ ግዛት ነው። ብሪታንያ የምዝገባ ሕጓን በ1931 አወጣች። ሕንፃ ውስጥ የሚያድረውን፣ የሚማረውን፣ የሚታከመውን ሰው ሥራውን ከማያውቅ እጅ መጠበቅ ተገቢ ነው። እኔን የሚያከራክረኝ ሰውን ከማያውቅ ወደሚያውቅ የሚያሻግረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ያለፈው ቀን ነው ወይስ የተሠራው ሥራ?

በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር እኔ ካልኩት እምብዛም የራቀ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት ከዩኔስኮ ጋር ያወጣው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቻርተር ቢያንስ አምስት ዓመት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምምድ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2013 ከተሻሻለ ወዲህ አምስት ዓመት ትምህርትን፣ ወይም አራት ዓመት ትምህርት ከሁለት ዓመት የሥራ ልምምድ ጋር ይቀበላል። በአሜሪካ ጀማሪው እንዲያሟላ የሚጠየቀው የልምምድ መጠን 3,740 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ 94 ሳምንት ገደማ ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ስድስት ክፍል ያለው ፈተና አለ።

እንዲህ ከሆነ በዚያው አገር አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ከገባበት ቀን አንሥቶ ፈቃዱን እስከሚይዝበት ቀን ድረስ በአማካይ ከ12 ዓመት በላይ ለምን ይፈጅበታል? ሁለተኛ ዲግሪ የሚጨምሩትን ብናስብ እንኳ በደንቡና በኑሮው መካከል የሦስት የአራት ዓመት ክፍተት አለ። ያ ዓመት በደንብ መጽሐፋችሁ ውስጥ አልተጻፈም። ማንም አላወጀውም፣ ማንም አላጸደቀውም። ግን ከወጣቶቹ ዕድሜ ላይ በየዓመቱ ይወሰዳል።

ወዴት እንደሚሄድ ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቢሮ ሦስት ዓመት ተኩል ሠራሁ። ትልቅ ቢሮ ነበር፤ ሥራ ይጎርፍለታል። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ደረጃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የበርና የመስኮት ሰንጠረዥ፣ የጣሪያ ጠርዝ ዝርዝር። እጄ ፈጣን ነበርና ፍጥነቴ ጠላቴ ሆነ፤ ደረጃ ቶሎ ስሎ ለጨረሰ ሰው ሌላ ደረጃ ይሰጠዋል። ከሕንፃው ባለቤት ጋር በሚደረግ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የውል ሰነድ አላየሁም። ተቋራጩን በስልክ እንኳ አነጋግሬው አላውቅም። በየስድስት ወሩ ግን የልምምድ ቅጼ ይሞላል፣ ኃላፊዬ ይፈርምበታል፣ ወሮቹም ይቆጠራሉ።

የጣሪያውን ጠርዝ ዝርዝር ያለ ማጋነን ከ40 ጊዜ በላይ ስዬዋለሁ። ኮንክሪቱ፣ በላዩ ውሃውን ወደ አሸንዳው የሚያዘነብለው ሊሾ፣ ከዚያ የውሃ መከላከያው ንጣፍ፣ ንጣፉ በጠርዙ ግንብ ላይ ወደ ላይ የሚወጣበት ልክ፣ በመጨረሻም ከላይ የሚደፋው የብረት ክዳን። መስመሮቹን ዓይኔን ጨፍኜ ማስመር እችል ነበር። በአራተኛው ዓመት ቢሮ ቀየርኩ፤ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ግንባታ ቦታ ተላክሁ። ጣሪያው ላይ ስወጣ በሥራው ጥርሱን የነቀለ አንድ ጎልማሳ የንጣፉን ጥቅል እግሩ ሥር አድርጎ፣ እኔው የሳልኩትን ወረቀት በእጁ ይዞ ቆሟል። «ልጄ፣» አለኝ፣ «ይህ ክዳን አስቀድሞ ከታሰረ እኔ ንጣፉን በየት በኩል ላስገባው?» ቀጠለና ንጣፉን የሚያጣብቅበትን የጋዝ ማቃጠያ አንሥቶ በግንቡና በቱቦው መካከል ሊያስገባው ሞከረ። አልገባም። እጁ የሚያልፍበት ስፍራ አልተውኩለትም ነበር።

በንድፍ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ በየቦታው ተቀምጦ ይታያል። በጣሪያ ላይ ግን አንዱ ከሌላው ቀድሞ መምጣት አለበት፤ የሚያመጣውም ሰው ነው፤ ሰውየውም ክንድ አለው፣ ጉልበት አለው፣ መቆሚያ ይፈልጋል። ይህን ያወቅሁት በዚያች ቀን ነው። አርባ ጊዜ ስዬው ያልገባኝ ነገር በአንድ ጥያቄ ገባኝ። ሰውየው አልሳቀብኝም፤ ወረቀቱን ሊሾው ላይ ዘርግተን ተንበርክከን አብረን አስተካከልነው። ከዚያች ቀን በፊት ያለፈው ሦስት ዓመት ተኩል ግን በደንባችሁ መሠረት ሙሉ ልምምድ ተብሎ ተቆጥሮልኛል።

ታላላቆቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል። እውነት ነው። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ቀን ስለተቆጠረለት አይደለም፤ ስለታቀፉት ነው። 21 ቀን የታቀፉት እንቁላል ጫጩት ይሆናል። 21 ቀን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውም ያንኑ ያህል ቀን አልፎበታል፤ ግን ይገማል። እኛ የመደርደሪያውን ቀን እየቆጠርን ነው ትዕግሥት የምናስተምረው።

የአውሮፕላን አብራሪ የበረራ ሰዓቱ ሲመዘገብ በአየር ላይ ያለፈው ሰዓት ነው የሚመዘገበው። በአየር ማረፊያው ቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ስለቆየ ብቻ መሪ አይጨብጥም። ቀዶ ሐኪሙም እንደዚሁ የሚጠየቀው ስንት ጊዜና ምን ዓይነት ሕመም እንዳከመ ነው። በእኛ ሙያ ግን አንድ የአሠሪ ደብዳቤ «ለሁለት ዓመት በቢሯችን ሠርቷል» ካለ በብዙ ቦታ በቂ ሆኖ ይገኛል። ምን ሠራ? ማንም አይጠይቅም።

የአሜሪካው ሥርዓት በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ሰዓቱን በስድስት የሥራ ዘርፍ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ነገር ግን ክፍፍሉን ተመልከቱ። ከ3,740 ሰዓት ውስጥ 1,520 ሰዓቱ ለግንባታ ንድፍና ሰነድ ዝግጅት የተመደበ ነው። ለግንባታው ራሱ፣ ማለትም ወረቀቱ ሕንፃ ሲሆን ለማየት የተመደበው 360 ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሳምንት! አንድ ሕንፃ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ከመሠረቱ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ዘጠኙ ሳምንት የግዴታ መሆኑ መልካም ነው፤ ግዴታው ፈጽሞ የሌለበት አገር አለና። ግን አያጠግብም።

የጊዜ ብዛት ያለ ትክክለኛው ልምድ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ መራራ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ በእሳት ነደደ፤ 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን በሕንፃው ላይ ያዛመተው በዋነኛነት ከዓመት በፊት በተጠናቀቀው እድሳት ከውጭ የለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን ነበር። በጉዳዩ ላይ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ በመስከረም 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርቱ ብዙዎችን ተጠያቂ አድርጓል፤ ከነዚያ መካከል የእድሳቱን ንድፍ የሠራው የአርክቴክቶች ቢሮ ይገኛል፤ የሽፋኑን አደገኛነት አልተገነዘበም ነበር። ቢሮው ሌላ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ሰው የሚኖርበትን ረጅም ሕንፃ ሽፋን ግን ከዚያ በፊት አልብሶ አያውቅም። እዚያ የጎደለው የዓመት ቁጥር አልነበረም። ይህን ሳስብ የሰባት ዓመቱን መንገድ ወደ አሥራ ሁለት ማርዘም ከእንዲህ ያለው ስሕተት አንድም ሰው እንደማያድን ይሰማኛል። የሚያድነው ሰውየው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ እየተጠየቀ፣ የማያውቀውን ደግሞ ሳያፍር እየተናገረ ካደገ ነው።

አሁን ይጠር ወደሚሉት ልምጣ። በስፔን ትምህርቱንና ፈቃድ የሚያሰጠውን ሁለተኛ ዲግሪ የጨረሰ ሰው ሌላ የግዴታ ልምምድ ሳይጠየቅ የሙያ ማኅበሩ አባል ሆኖ መፈረም ይችላል። የስፔን ትምህርት ቤቶች በቴክኒክ ትምህርታቸው ጥብቅ ናቸው፤ ከዚያ የሚወጡትንም ባለሙያዎች አከብራለሁ። እኔ ግን ያን የጣሪያ ቀን ሳላይ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል።

ሁለት ዓመት የምለው ከሕንፃ ዕድሜ ስለተነሣሁ ነው። አንድ አነስተኛ ሕንፃ፣ ለምሳሌ አንድ ክሊኒክ ወይም አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ጊዜያዊ ርክክብ ድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈጃል። ከዚያ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ይመጣል፤ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕንፃው ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ሰው ይገባበታል። ጣሪያህ መሥራቱን የምታውቀው ከዘነበበት በኋላ ነው። በሩ ወደየት መከፈት እንደነበረበት የምታውቀው ሕመምተኛ በአልጋ ሲገፋበት ነው። ደረጃው ጠባብ መሆኑ የሚታወቀው ሁለት መቶ ልጆች ሲሮጡበት ነው። ሁለት ዓመት እንግዲህ አንድ ጀማሪ የአንድን ትንሽ ሕንፃ ሙሉ ዙር፣ ቢያንስ ዋና ዋናውን፣ ሊያይበት የሚችልበት አጭሩ ጊዜ ነው። ከዚያ ካጠረ መጀመሪያውን ያየ መጨረሻውን አያይም። መጨረሻውን ሳያይ የፈረመ ሰው ደግሞ የራሱን ስሕተት አያውቀውም።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንደኛውና ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ የልምምዱ መለኪያ አንድ ሙሉ ዙር ይሁን። ጀማሪው አንድን ሕንፃ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከረቂቅ እስከ ርክክብ ተከታትሎ የያዘውን መዝገብ ያቅርብ። ባለቤቱ ምን አለ? በጀቱ ሲያጥር ምን ተቀነሰ? ግንባታው ላይ ምን ተለወጠ፣ ለምን? በርክክቡ ቀን ስንት ጉድለት ተመዘገበ፣ ከመካከላቸው የንድፉ ስሕተት የትኛው ነበር? ይህን በቃሉ የሚያስረዳ ሰው ሁለት ዓመት ከሆነው ዝግጁ ነው። ይህን የማያስረዳ ሰው አሥር ዓመት ቢሆነውም አልደረሰም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የቢሮ ባለቤቶችን የሚያስከፋ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ጀማሪው ዓመት በዓመት ደረጃ ሲስል የሚጠቀመው ማን ነው? ቢሮው ነው። ፈቃድ የሌለው ጎበዝ ሠራተኛ ደመወዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ጥሎ ሄዶ የራሱን ቢሮ አይከፍትም፤ የሚሠራው ሁሉ በእኛ ስም ይወጣል። ማንም በክፋት አስቦ ላያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ የሚያመች ነገር ያለ አስገዳጅ አይቀየርም። አሁን ባለው አሠራር ልምምዱ ካልተሟላ የሚቀጣው ልምምዱን የማደል ሥልጣን የሌለው ሰው ነው። ይህ ይገልበጥ። አሠልጣኙ አርክቴክት የራሱን ፈቃድ ሲያሳድስ ይጠየቅ፦ በሥርህ ስንት ጀማሪ አለ? ግንባታ ቦታ ስንት ቀን ዋሉ? ከሁለት ዓመት በላይ የቆየው ለምንድን ነው? አጥጋቢ መልስ የሌለው ሰው ጀማሪ የመቀበል መብቱ ለጊዜው ይያዝ። አንድ ጊዜ ይህ ከተደረገ ጀማሪዎቹን ወደ ግንባታ ቦታ የሚወስድ መኪና በማግስቱ እንደሚገኝ እርግጠኛ ነኝ።

ፈተናውንም በተመለከተ የምለው አለኝ። በብዙ ቦታ ጀማሪው ልምምዱን ሙሉ በሙሉ ካልጨረሰ ፈተናው አይፈቀድለትም። ይህ ዓመታትን በከንቱ እየደራረበ ያስረዝማል። ጃፓን በዚህ ላይ ጥሩ ለውጥ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ አርክቴክት ፈተናን ተመራቂው ልምምዱን ሳይጀምር መውሰድ ይችላል፤ ልምምዱ የሚጠየቀው ለምዝገባው ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ገና በትምህርት ላይ እያለ ልምምዱንና ፈተናውን አጣምሮ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቷል። ስለ ብረት ምሰሶ ጭነት ትላንት የተማረ ልጅ ነገ ቢፈተን ምን ይጎዳል? ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ልጆች አስተኝቶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የድሮ ደብተሩን ሲያገላብጥ ነው የሚጎዳው።

ስለ ልጆች ካነሣሁ ዘንድ ይህንንም አልደብቅም። እኔ የተፈተንኩበት ሥርዓት ያለፍከው ክፍል ከተወሰነ ዓመት በኋላ ይሰረዛል የሚል ደንብ ነበረው። ሦስት ክፍል አልፌ ነበር፤ ሁለተኛ ልጄን አረገዝኩ፤ እርግዝናው ከባድ ነበር፤ ከዚያ እናቴ ታመመች። ስመለስ ሁለቱ ክፍሎች ተሰርዘው ጠበቁኝ። ያወቅሁትን ረስቼ አልነበረም፤ በየቀኑ እሠራበት ነበር። የተሰረዘው እውቀቴ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። እንደገና ለመፈተን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ በጠቅላላው መንገዴ 11 ዓመት ሆነ። በአሜሪካ እንዲህ ያለው የአምስት ዓመት ገደብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2023 ቀርቷል፤ ገደቡ የሚከብደው በተለይ በእናቶችና ቤተሰብ በሚያስታምሙ ላይ መሆኑን ደንብ አውጪዎቹ ተገንዝበዋል። እናንተም ዘንድ ይህን የመሰለ ደንብ ካለ እባካችሁ አንሡት። ለመውለድ፣ ለሕመም፣ ለሐዘን ሰዓቱ ይቁም። ለወደቀም ሰው ቁጥር ብቻ አትላኩለት፤ በየትኛው ጉዳይ እንደወደቀ ንገሩት። ቁጥር ብቻ የደረሰው ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር መጽሐፉን ሁሉ ከመጀመሪያው ማንበብ ነው፤ ያም አንድ ዓመት ነው።

ትምህርት ቤቶችን አላለፍኳቸውም። አምስቱ ዓመት ብዙ ነው፤ ብዙ የሚሆነውን ያህል ግን አይሠራበትም። አምስት ዓመት ስማር አንድ ጡብ አላነሣሁም፣ ልስን ሲለሰን ቆሜ አላየሁም። ከአሥሩ መንፈቀ ዓመት አንዱ በግንባታ ቦታ ይዋል። ተማሪው የሳለውን አንድ ዝርዝር፣ መስኮትም ይሁን የጣሪያ ጠርዝ፣ በትክክለኛው ልኩ በእጁ ይሥራው። ያን ያደረገ ተማሪ የልምምዱን ሁለት ዓመት የሚጀምረው እኔ በአራተኛው ዓመቴ ከቆምኩበት ቦታ ነው።

ከተለመደው የትምህርት መንገድ ውጪ ትልቅ የሆኑትን እየጠቀሱ ትምህርቱን ሁሉ ትርፍ ነው የሚሉ አሉ። ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳኦ አንዶ የሥነ ሕንፃ ዲግሪ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በሙያችን ትልቁን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀብሏል። ስዊዘርላንዳዊው አርክቴክት ፒተር ዙምቶር የተነሣው ከእንጨት ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ያለ ትምህርት አላደጉም። አንዶ ሕንፃዎችን በእግሩ እየዞረ ነው ያጠናቸው፤ ዙምቶር እንጨት በእጁ ሲገጥም ነው ቁስን ያወቀው። ከእነርሱ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ዲግሪ ሳይኖረው በግንባታና በንድፍ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ያሳለፈ ሰው የሚመዘንበት በር ይከፈትለት። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ረዘም ያለ ልምድ እየጠየቁ ይህን ይፈቅዳሉ፤ ሕንፃዎቻቸውም አልፈረሱም።

በመጨረሻ የሚከብደኝን ልጻፍ። ያቺ ወጣት «እኔ መቼ ነው የምፈርመው?» ባለችኝ ቀን ማታ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ የሥራ መዝገቧን አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ። እኔ ዘንድ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ግንባታ ቦታ የዋለችው 11 ቀን ነው። ከባለቤት ጋር የተቀመጠችው ሁለት ጊዜ። በርክክብ ላይ አንድም ጊዜ አልተገኘችም፤ የሠራችው ሦስት ሕንፃ ርክክብ ተደርጎበታል፣ ሦስቱም ላይ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እርሷ ያን ቀን ቢሮ ቁጭ ብላ የሚቀጥለውን ደረጃ ትስል ነበር። በራሴ ላይ የደረሰውን አውቄ እያለሁ፣ ሥራ በዝቷል እያልኩ፣ ያንኑ በእርሷ ላይ አደረግሁ። ክፉ አሠሪ ስለሆንኩ አይመስለኝም። ማንም ስላልጠየቀኝ ነው። እናንተ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ አስተካክለው ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሚመጣው ማክሰኞ የአንድ ክሊኒክ ጊዜያዊ ርክክብ አለን፤ የጣሪያውን ዝርዝር የሳለችው እርሷ ናት። የጉድለት መዝገቡን የምትይዘውም እርሷ ትሆናለች። ተቋራጩን የምታነጋግረው እርሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ። ንጣፉን ያነጠፉትም ሠራተኞች ያን ቀን እንዲገኙ ጠይቄያለሁ፤ ጥያቄ ካላቸው ለእርሷ እንዲያቀርቡ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት አርክቴክት